ገመድ ያልገባበት አገር፦ ጎጃምና ማዕከላዊው መንግሥት ከ1873 እስከ 1960 ዓ.ም.

በ1937 ዓ.ም. መጀመሪያ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ለንጉሠ ነገሥቱ ግዛት በሙሉ የተጻፈ ሕግ ነው። ለም መሬት በጋሻ 50 ብር፣ ለም-ጠፍ 40 ብር፣ ጠፍ 15 ብር ይከፈልበት ይላል፤ አሥራቱም በዚሁ ተጠቃሏል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ መሬቱን ለካ፣ ደረጃውን ወስን፣ ብሩን ተቀበል። ሆኖም ሦስት ጠቅላይ ግዛቶች ከስሌቱ ውጭ ተደርገዋል፤ ትግሬ፣ በጌምድርና ጎጃም። እነዚህ በ1927 ዓ.ም. ይከፍሉት በነበረው ልክ እንዲከፍሉ ተተወላቸው። አንድ ንጉሥ፣ አንድ ጋዜጣ፣ አንድ አዋጅ፣ ግን ሁለት ዓይነት ግብር።

ትግሬ ለምን እንደተለየ መገመት አይከብድም፤ የ1935ቱ የወያኔ አመፅ ቁስል ገና አልደረቀም ነበር። ጎጃም ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ያለፉበት፣ ከሦስት ዓመት ከመንፈቅ በፊት ሠራዊታቸውን ያሳረፉበት አገር ነው። እንዲህ ያለ አገር ሕጉን ቀድሞ መቀበል አልነበረበትም? ጥያቄውን ለመመለስ ወደ ኋላ 64 ዓመት መሄድ፣ ከዚያም ወደ ፊት 23 ዓመት መምጣት ያስፈልጋል። መዝገቡን በዚህ መንገድ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ጎጃም ኢትዮጵያ ውስጥ ልግባ ወይስ ልቅር ብሎ የተከራከረበት ጊዜ የለም። ክርክሩ ሁሉ በምን ውል ነው የሚለው ነው፤ ውሉም ዞሮ ዞሮ በመሬት ልክ ላይ ይወድቃል።

መጀመሪያ ግን ርስት ምን እንደነበረ መግባባት አለብን፤ ያለዚያ የቀረው ታሪክ የእልኸኞች ታሪክ ይመስላል።

የጎጃም ደጋ ርስት ከሩቅ ሲያዩት የግል መሬት ነው። ቀርበው ሲያዩት ከመሬቱ ይልቅ የትውልድ ሐረጉ ይቀድማል። አንድ ሰው በአባቱም ይሁን በእናቱ በኩል አገሩን መጀመሪያ ወዳቀናው አባት መቁጠር ከቻለ፣ ከዚያ አባት መሬት ድርሻ የመጠየቅ መብት አለው። በ1950ዎቹ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆቤን እንዳሳየው፣ አቅኚው ዋና አባት ይባላል፤ ከሱ በታች የተከፈሉት ደግሞ ምንዝር አባቶች ናቸው። በየአባቱ ስም ወገኑን ወክሎ የሚቆም ፈጅ አለ። ግብሩም የሚወርደው በዚሁ መሰላል ነው። በአጥቢያው ላይ የተጣለው ሸክም በዋና አባቶች ይከፈላል፣ ከዚያ በምንዝሮቹ፣ ከዚያ በየእርሻው ባለቤት። ገበሬው ግብሩን የሚያወጣው ከሞተ ብዙ ትውልድ ባለፈው ሰው ስም ነው።

ስለዚህ ማን ስንት ጥማድ መሬት እንዳለው በትክክል የተጻፈበት ቦታ የለም። ይህን የአስተዳደር ድክመት አድርጎ የሚያይ አለ፤ እኔ ግን ሥርዓቱ የቆመው በዚያ ላይ ነው እላለሁ። ድርሻ ይሰፋል፣ ይጠባል። በሙግት የበረታ፣ ሹመት ያገኘ፣ ዘመድ የበዛለት ይጨምራል፤ የደኸየ ወይም ከአገር የወጣ ይቀንስበታል፣ ግን መብቱ አይሞትም። ሌላ አጥቢያ ያገባች ሴት የእናቷን ርስት ለልጇ ልትጠይቅ ትችላለች። ጎልማሳው ልጅ ገና ያልተቀበለው ድርሻ አለው። ከሃያ ዓመት በኋላ ከበጌምድር የሚመለስ ሰው አባቱን ቆጥሮ ይሟገታል። ሥርዓቱ ፍትሐዊ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ዳኛው ዘንድ መላሽ ያለውና የሌለው እኩል አልነበሩም። ግን ለእያንዳንዱ ሰው በር ክፍት አድርጎ የሚተው ሥርዓት ነበር።

እንግዲህ በዚህ አገር ላይ ገመድ ይጣል። መሬቱ ይለካል፣ ስም ይጻፋል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል። ደረሰኙን የያዘ ሰው ባለመሬት ይሆናል፤ ያልያዘው ሁሉ፣ ያ ጎልማሳ፣ ያቺ ሴት፣ ያ ከበጌምድር የሚመጣው፣ ውጭ ይቀራል። በደቡብ ደግሞ ቀላድ የተጣለበት አገር ምን እንደደረሰበት ጎጃም በዓይኑ ያየ ሰው ነበረው። ከዓባይ ማዶ የዘመቱና የሰፈሩ ሰዎች ተለክቶ ለወታደር፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመንግሥት የተከፋፈለውን መሬት ያውቁታል፤ የቀድሞው ባለ አገር በገዛ መሬቱ ላይ ጭሰኛ ሆኖ ሲቀር አይተዋል። ቀላድ የሚለው ቃል በጎጃም ገበሬ ጆሮ የመለኪያ መሣሪያ ስም ብቻ አልነበረም።

ወደ ጅማሬው እንመለስ። ደብረ ማርቆስ መንቆረር ትባል በነበረበት ዘመን ጎጃም ለማንም ንጉሠ ነገሥት ቀላል አገር አልነበረም። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ በጅበላ አምባ ተጠግተው ቴዎድሮስን ዓመታት አስቸግረዋል። ከሳቸው በኋላ ጎልተው የወጡት የደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ የልጅ ልጅ ራስ አዳል ተሰማ ለአፄ ዮሐንስ 4ኛ ገቡ፤ ዮሐንስም በጥር 1873 ዓ.ም. ዘውድ ደፍተውላቸው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አሏቸው። ማዕረጉ ንጉሠ ጎጃም ወከፋ ነበር።

“ወከፋ” የምትለዋ ቅጥያ ጌጥ አልነበረችም። ከፋ ገና በተክለ ሃይማኖት እጅ አልነበረም፤ ማንም ማዕከላዊ መንግሥት አልያዘውም። ማዕረጉ የዓባይን ማዶ ለጎጃም ተስፋ አድርጎ ሰጠ፤ በዚያ ማዶ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ወርቅ ነበረ፤ ያም ሁሉ በባሶ ገበያ በኩል ወደ ሰሜን የሚያልፍ ነበር። ምኒልክም ከሸዋ ያንኑ ማዶ ይመለከቱ ነበር። ዮሐንስ ሁለት ንጉሦችን አንድ መስክ ላይ ሲለቁ የሁለቱ ፉክክር ለሳቸው ዕረፍት ይሰጣል ብለው ያሰቡ ይመስላል። በ1874 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ እምባቦ ላይ ተገናኙ። ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ።

ከውጊያው ይልቅ ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ለጉዳያችን ይጠቅማል። ዮሐንስ ደርሰው ያለ ፈቃድ ስለተዋጉ ሁለቱንም ቀጡ፤ ምኒልክን ወሎን ነሷቸው፣ ተክለ ሃይማኖትን ደግሞ አገው ምድርን። የቅጣቱ መንገድ ግዛት መንሳት ነበር እንጂ የጎጃምን ውስጣዊ አስተዳደር መንካት አልነበረም። ዘውዱ በራሳቸው ላይ ቀረ፤ ግብር ሰብሳቢው ያው የጎጃም ችቃ ሹም ሆነ፤ ሙግቱም በዚያው ቀጠለ። ውሉ ይህ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከንጉሡ ይቀበላሉ፣ ንጉሡ ከአገሩ ይቀበላል፣ ንጉሠ ነገሥቱ በንጉሡ ትከሻ ላይ አሻግረው ወደ ገበሬው እርሻ አይመለከቱም።

ውሉ ሲፈርስ ምን እንደሚመስልም ጎጃም አየ። በጥር 1880 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት ሳር ውኃ ላይ በመሐዲስቶች ተሸነፉ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። ከዚያ በኋላ ዮሐንስ ከምኒልክ ጋር መክረውብኛል ብለው ጠረጠሯቸው፤ ምክሩ በርግጥም ነበር። በ1881 ዓ.ም. መግቢያ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ጎጃምን መዘበረ። ሰብሉ ተበላ፣ ቤቱ ተቃጠለ። በዚያው ዓመት መጋቢት ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ተክለ ሃይማኖት ግን ዘውዳቸውን እንደያዙ ለምኒልክ ገቡ፣ በ1888 ዓ.ም. የጎጃምን ጦር ይዘው ዓድዋ ዘመቱ። በሰባት ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ከተመዘበረ አገር እንዲህ ያለ ጦር መውጣቱ ጎጃም የኢትዮጵያን ጉዳይ የራሱ አድርጎ ይቆጥር እንደነበረ ከማንኛውም ክርክር በላይ ይናገራል።

እዚህ ላይ አንድ ማስታወሻ ሳልጥል ማለፍ አልፈልግም። “ጎጃም” ስል የምናገረው ስለ ደጋው ነው። ለአገው ምድርና ለመተከል ቆላ መሳፍንቱ ራሳቸው ማዕከል ነበሩ። ከጉሙዝ የሚወሰደው ግብርና ባርያ ከርስተኛው ከሚወሰደው ፈጽሞ የተለየ ነበር፤ የደጋው ሰው ለራሱ የጠየቀውን ውል ለነሱ ሲጠይቅላቸው አይታይም።

ተክለ ሃይማኖት በጥር 1893 ዓ.ም. ሞቱ። ምኒልክ ዘውዱን ለልጃቸው አላስተላለፉም፤ ጎጃምን ከፋፍለው ሾሙበት። ከዚያ ወዲህ የጎጃም ንጉሥ የሚባል አልተነሣም። ዘውዱ ያለ ጦርነት፣ በቀብር ማግስት መውደቁ የሚያስደንቅ ነው፤ ግን የገበሬው ውል የተጻፈው በዘውዱ ላይ ስላልነበረ ብዙ ሰው የተንቀሳቀሰበት አይመስልም። ከተወሰነ ዓመት በኋላ የንጉሡ ልጅ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት አብዛኛውን ክፍል መልሰው ያዙ።

ራስ ኃይሉ ለታሪክ ጸሐፊ ከባድ ሰው ናቸው። ነጋዴ መስፍን ነበሩ፤ ከሹመትም ከሙግትም ከገበያም ገንዘብ ማውጣት ያውቁበታል፤ በጎጃም ግብር የጣሉበትን ነገር ብዛት ሲቆጥሩ የሚውሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። ለማዕከሉ የሚገባውን እየሰጡ የተቀረውን በእጃቸው የማስቀረት ጥበብ ነበራቸው። ግን መሬቱን አልለኩም። ርስቱን ቢሸረሽሩትም፣ ቢቀሙበትም፣ ሥርዓቱን በሌላ አልተኩትም። ሰው በግለሰብ ስስት ይማረራል፤ በሥርዓት ለውጥ ደግሞ ይነሣል፤ ሁለቱን ማምታታት የለብንም።

በዚህ ጊዜ ኢትዮጵያ ራሷ አባል ለመሆን በር ላይ ቆማ ነበር። በመስከረም 1916 ዓ.ም. ዤኔቭ ላይ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። አባልነቱ ያለ ሁኔታ አልነበረም፤ ስለ ባርያ ንግድና ስለ ጦር መሣሪያ ዝውውር መግለጫ ፈርማ ነው የገባችው። ብሪታንያን የመሰሉ መንግሥታት አገሪቱ ግዛቷን በሙሉ ታዛለች ወይ ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ጎጃምን በቀጥታ ይነካል፤ የአልጋ ወራሹ ትእዛዝ ደብረ ማርቆስ ላይ ምን ያህል ይሠራል? በዚያው ዓመት አልጋ ወራሽ ተፈሪ አውሮፓን ሲጎበኙ ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን ይዘው ሄዱ። ክብር ነበር። ትተዋቸው ቢሄዱ ኋላቸውን እንዳይሰጉ ማድረጊያም ነበር።

ዛሬ የባልካን አገሮች ወደ አውሮፓ ኅብረት ለመግባት ሲደራደሩ ነገሩ በ35 ምዕራፍ ተከፋፍሎ ነው፤ ሞንቴኔግሮ እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረችው ድርድር ዓመታት ወስዷል፤ ሰሜን መቄዶንያ በሩን ለመክፈት ስሟን ሳይቀር ቀይራለች። ንጽጽሩን ከልክ በላይ መጎተት አልፈልግም፤ ጎጃም ከጥንት ጀምሮ ውስጥ ነበር እንጂ ደጅ የሚጠና እንግዳ አልነበረም። ግን የባልካኑ መዝገብ አንድ ነገር ያሳየናል። የአንድነት ጥያቄ ሰንደቅ ዓላማ ላይ አያልቅም፤ ስለ ወተትና ስለ ዓሣ፣ ስለ ዳኛ አሿሿምና ስለ መሬት መዝገብ ይወርዳል። የጎጃም ድርድር ምዕራፉ አንድ ብቻ ነበር፤ ሲደራደሩበት ግን ጠረጴዛ አልነበረም።

በግንቦት 1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከፍቼ አመለጡ። ራስ ኃይሉ በነገሩ እጃቸው አለበት ተብለው ተያዙ፣ ሞት ተፈርዶባቸው ወደ እስራት ተለወጠላቸው፣ ሀብታቸው ተወረሰ። ጎጃምም ለንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ለራስ እምሩ ተሰጠ። ከመሳፍንቱ ቤት ያልተወለደ ሰው ደብረ ማርቆስ ላይ ሲቀመጥ አዲስ ዘመን ነበር። ራስ እምሩ ግብሩን ለመወሰንና የሹማምንቱን ቀረጥ ለመገደብ ሞከሩ፤ ከራስ ኃይሉ ዘመን ጋር ያነጻጸረ ገበሬ ሸክሙ ቀሎለታል። በ1937ቱ አዋጅ ላይ እንደ መለኪያ የተጠቀሰው የ1927 ዓ.ም. ግብር በእምሩ ዘመን የነበረው ግብር ነው። ጎጃም በኋላ “በነበረው ይሁን” ሲል ወደ ጥንት መመለስ የፈለገ የሚመስለው ሰው ይህን ይዘነጋል። የጠበቀው ውል ገና የአሥር ዓመት ዕድሜ ነበረው።

የቀለለ ግብር ግን የመሳፍንቱን ቂም አላበረደውም። በ1928 ዓ.ም. ራስ እምሩ ወደ ሽሬ ግንባር ሲዘምቱ የተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ ደጃዝማች ገሠሠ በለው ጦራቸውን ይዘው ተመልሰው ጎጃም ላይ አመፁ። ጣሊያንም ደብረ ማርቆስን ሲይዝ የራስ ኃይሉን ስም ተጠቀመበት፤ እሳቸውም ገቡለት።

የወረራው ዘመን ተደጋግሞ የተጻፈ ስለሆነ እዚህ አላረዝመውም። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ልጅ ኃይሉ በለው፣ በላይ ዘለቀ፤ እያንዳንዳቸው በየአውራጃቸው ጣሊያንን ከምሽጉ እንዳይወጣ አድርገውታል። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ድንበር ገቡ፤ በበላያ ተራራ በኩል አድርገው፣ በቡሬ አልፈው በመጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ደረሱ። ራስ ኃይሉም እዚያው ተቀበሏቸው። አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። አርበኛው በዚህ መንገድ ላይ ያሰበውን መጠየቅ አያስቸግርም፤ ንጉሡን አገሬ ላይ አሳልፌያለሁ፣ ስለዚህ አገሬ በነበረበት ይተውልኛል። ቤተ መንግሥቱ ያሰበው ሌላ ነበር፤ መሳፍንት የሌለበት፣ ደመወዝተኛ ሹም የሚያስተዳድረው፣ በአንድ ግብር የሚኖር አገር።

ሁለቱ አሳቦች ዓመት ሳይሞላቸው ተጋጩ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ሕግ ለም 15፣ ለም-ጠፍ 10፣ ጠፍ 5 ብር በጋሻ ይክፈል አለ። በጎጃም ጋሻ የሚባል ነገር መሬት ላይ የለም። ወደ 40 ሄክታር የሚሆነው ይህ ልክ የደቡብ ቀላድ ልክ ነው፤ እዚህ ሲመጣ ወይ በግምት ይወሰናል ወይ ይለካል። ሕዝቡ ሁለቱንም እንቢ አለ። ከነፃነት በኋላ ጎጃምን እንዲያስተዳድሩ የተሾሙት የአገሩ ተወላጅ ራስ ኃይሉ በለው ነበሩ፤ የአገር ልጅ መሾሙ ነገሩን አላበረደውም፤ ጥያቄው የገዢው ዘር ጥያቄ አልነበረምና። አመፁ እየተነሣና እየበረደ ቀጠለ፤ መጨረሻው ከላይ ያነሣሁት የ1937ቱ ልዩ አንቀጽ ሆነ።

በዚያው ዓመት ጥር ወር ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። የብቸና ገዢ ሆነው ሳለ ከመንግሥት ተጣልተው ሶማ አምባ ላይ ተከበው ነበር፤ ከተያዙም በኋላ ከእስር አምልጠው ዳግም ተይዘዋል። የበላይ ጉዳይ የግብር ጉዳይ ነበር ብዬ አልጽፍም፤ የሥልጣን፣ የክብርና የቂም ነገር ተደባልቆበታል። ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ጎጃም ሁለት መልእክት ደረሰው። ለገበሬው፦ ግብርህ በነበረበት ይሁን። ጦር ላለው ሰው፦ ከእንግዲህ ከንጉሡ ሌላ ጌታ የለም። ገበሬው መልእክቱን በዚሁ መልክ ከፋፍሎ የሰማው ይመስለኛል፤ ለሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት ንጉሡን አመስግኖ ለካዡን ማባረሩ ከዚህ ይመጣል።

መለካት የተሞከረበት ጊዜ ሁሉ ነገሩ ተነሥቷል። በ1942ና በ1943 ዓ.ም. ተነሥቶ ነበር። የትምህርትና የጤና ግብር ሲጨመር ጉርምርምታ ነበር። ውዝፍ ተጠራቀመ። በአዲስ አበባ መዝገብ ላይ ጎጃም ከሚገባው እጅግ ያነሰ የሚከፍል ጠቅላይ ግዛት ሆኖ ታየ፤ ይህም ለገንዘብ ሚኒስቴር ሰው ስንፍናና ትዕቢት ይመስል ነበር።

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። አዋጁን ላነበበው ሰው አሳቡ ተራማጅ ነው። አሥራትን ያስቀራል፤ ሰው በመሬቱ ስፋት ሳይሆን ከመሬቱ ባገኘው ገቢ ልክ ይክፈል ይላል፤ ትልቁ ባለርስት የበለጠ፣ ትንሹ ያነሰ። ብዙ ድሃ ገበሬ በዚህ ስሌት የሚጎዳ አልነበረም። ታዲያ ተከራዩን የሚያስለቅሱ ባለመሬቶች በሞሉበት ደቡብ ሳይሆን፣ ርስተኛው ራሱ በሚያርስበት ጎጃም ለምን ጦርነት ተነሣ?

ገቢን ለመገመት ገማች ኮሚቴ መምጣት አለበት። ኮሚቴው እርሻው ላይ ቆሞ ይህ የማን ነው ብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱም የአንድ ሰው ስም መሆን አለበት። የፋይናንስ ባለሙያው ይህችን ጥያቄ እንደ ቅድመ ዝግጅት ያያት ነበር። ለገበሬው ግን ጉዳዩ ያለቀው እዚያ ላይ ነው፤ ስሙ ከተጻፈ ርስቱ ሞተ። ገማቾቹ ገመድ ይዘው ባይመጡም ሕዝቡ ቀላድ መጣ አለ። መሬቱ ተለክቶ ለሌላ ይሰጣል፣ ባለርስቱ ጭሰኛ ይሆናል፣ የቤተ ክርስቲያን መሬትም ይነካል የሚለው ወሬ ከአጥቢያ አጥቢያ ዞረ። ወሬው በዝርዝሩ ስሕተት ነበረበት። በአቅጣጫው ግን የተሳሳተ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ምዝገባ ሥር ከሰደደ የትውልድ ሐረጉ ርስት መዳከሙ አይቀርም ነበር።

ከአዋጁ በተጨማሪ ሌላ እሳት ነበር። ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሸዋ የተላኩ ሲሆኑ፣ በጎጃም የነበራቸው ስም ከመዋጮና ከጠመንጃ ምዝገባ ጋር የተያያዘ ነበር። ለጎጃም ገበሬ ጠመንጃ ማስመዝገብ ማለት በመጀመሪያ ክፍያ ነው፤ ቀጥሎ ዛሬ የተመዘገበው ነገ ይወሰዳል የሚል ስጋት ነው። ለርስቱ ሲሟገት ዳኛ፣ ሙግቱ ሲከሽፍ ጠመንጃ የሚል አገር ላይ ሁለቱን በአንድ ዓመት መንካት ብልሃት አልነበረም።

በ1960 ዓ.ም. በጋ ሞጣ፣ ብቸና፣ ዳሞትና የደብረ ማርቆስ ዙሪያ ገበሬዎች ገማቾቹን እንዳይገቡ ከለከሉ። ስብሰባው በየአጥቢያው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በየገበያው ነበር። የራሳቸውን አለቆች መረጡ፤ ሽማግሌ መርጠው አቤቱታ አስይዘው አዲስ አበባ ላኩ። አቤቱታው የሚለው ንጉሡን አንጠላም፣ ገዢውን አንሡልን፣ ግብሩንም ተዉልን ነው። መንግሥት አጣሪ ላከ፤ አጣሪው ሲመለስ ገማቹ መልሶ መጣ። ከዚያ ተኩስ ተጀመረ። ጦር ሠራዊት ገባ፤ የአየር ኃይል አውሮፕላኖች በመንደሮች ላይ ቦምብ ጣሉ። በዓባይ ሸለቆ ላይ ጣሊያን ቦምብ የጣለባቸውን ዓመታት የሚያስታውሱ ሰዎች ገና በሕይወት ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ንጉሡን ከበላያ ተራራ ያጀቡ ናቸው።

ክረምቱ ሲገባ ገበሬው ወደ እርሻው ተመለሰ፤ አመፁን ያበረደው ከጦሩ ይልቅ ዝናቡ ነበር ማለት ይቻላል። መንግሥትም አፈገፈገ። ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ፤ በቦታቸው ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተሾሙ። የእርሻ ገቢ ግብሩ በጎጃም ሳይሰበሰብ ቀረ። ከ1940ዎቹ ጀምሮ የተጠራቀመው ውዝፍ ተሰረዘ። ገብሩ ታረቀ ስለ ኢትዮጵያ የገበሬ አመፆች ባጠኑት ጥናት የጎጃሙን ከባሌና ከትግራይ ጋር አነጻጽረውታል፤ ከሦስቱ በግልጽ የጠየቀውን ያገኘው ይህ ነው ብል ከመዝገቡ አልወጣም። የጠየቀውም ትንሽ ነበር፤ መንግሥት አይውረድ፣ መሬት ለአራሹ አይታወጅ፣ ዘውድ አይመለስ፣ ገማቹ ብቻ ይሂድ። በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ “መሬት ለአራሹ” እያሉ ሰልፍ የሚወጡ ተማሪዎች የጎጃምን አመፅ ሲደግፉ የርስተኛውን አሳብ ምን ያህል ተረድተውት እንደነበር እጠራጠራለሁ። እሱ አራሽም ባለመሬትም ነበር፤ የሚጠላው ሁለቱን ለያይቶ የሚጽፍ ወረቀትን ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ሌላ ጥናት ይፈልጋል፤ እኔ በጥቂቱ ነክቼው አልፋለሁ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ እንኳ ለሰሜኑ ርስት አገር የተለየ ምዕራፍ ነበረው፤ ገበሬው በዚያን ጊዜ የያዘውን መሬት ይዞ ይቀጥል አለ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ግን ለርስቱ አገር ምንም ልዩነት አላደረገም፤ “ቢሮክራት”ና “ፊውዳል” የተባሉት መሬታቸው ተቀነሰ፤ በጎጃም ያስነሣው ቁጣም ብርቱ ነበር።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ክልሉ ለየአንዳንዱ ገበሬ የይዞታ ደብተር ለመስጠት ወሰነ። ሙከራው ከተጀመረባቸው ሁለት ቀበሌዎች አንዱ በምሥራቅ ጎጃም ያለው አዲስና ጉሊት ነበር። በቀበሌው የተመረጠው ኮሚቴ መሬቱን ዞረ፤ ባለይዞታውም አዋሳኞቹም ድንበሩ ላይ ቆሙ፤ ልኬታው በብዙ ቦታ የተካሄደው በገመድ ነው። ተኩስ አልተሰማም። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ተጽፏል፤ የመሬቱ ስፋት ተመዝግቧል፤ አዋሳኞች በየአቅጣጫው ተዘርዝረዋል። የአባት ስም የሚጻፍበት ቦታም አለው። የሚጻፈው ግን የገዛ ወላጁ ስም ነው፤ ዋና አባት በደብተሩ ላይ ቦታ የለውም።